ለሙሽራው ቃል ዋስ ሲጠራ

ዘንድሮ ሙሽሮች ቃላቸውን ራሳቸው ይጽፋሉ። ድሮ ቃሉን የሚናገሩላቸው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከሙሽራው «እሺ»፣ ከሙሽሪት ደግሞ አንገት መድፋት ብቻ ነበር የሚጠበቀው። አሁን ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ዲጄው ሙዚቃውን ዝቅ ያደርግና ሁለቱ ተራ በተራ ያነባሉ፣ ታዳሚው ያጨበጭባል፣ ቪዲዮ ቀራጩ እንባ ፍለጋ ይሯሯጣል። ክፉ ነገር ነው አልልም፤ እናንተም አትበሉ። ሰው ለሚያገባት ሴት የሚላትን ነገር ቁጭ ብሎ ማሰቡ ደግ ነው። ችግሩ፣ ብዙዎቹ ቁጭ ብሎ የሚያስብላቸው ሌላ ሰው መፈለጋቸው ነው።

በእኛ ቡራዩ ሰፈር ያ ሌላ ሰው እኔ ነኝ። ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር ስለኖርኩ የዕድሩን ማስታወቂያ እኔ እጽፋለሁ፣ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክም እኔ እጽፋለሁ፤ ፍቅር ቢጨመርብኝ ምን ይገርማል? ጎረቤቴ ቶሌራ የመጣው በዚህ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ውሎ ማታ የሚገባ፣ ሲስቅ እንኳ አስፈቅዶ የሚስቅ የሚመስል ጭምት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እጮኛዬን ሕይወትን የሚያስለቅስ ነገር ይጻፉልኝ» አለኝ።

ሕይወትን አውቃታለሁ። ከእናቷ ሌላ ማንም የላትም። እናቷን ወይዘሮ አስካለን ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አንዳንዴም ሰው ይጠፋባቸዋል። የምታጎርሳቸውም የምታጥባቸውም እሷ ናት። የታክሲ ሰልፍ ላይ አግኝታኝ የሆዷን አጫወተችኝ። ዓለም ገና ቤት ተከራይተዋል፤ እናቷ አብረው ይግቡ አይግቡ ግን ቶሌራ አልነገራትም። ስትጠይቀው ዝም ይላል። «ጥያት አልሄድም ጋሼ» አለችኝ። ካርዱ ተበትኗል፣ ዘመድ ተጠርቷል፣ ልጅቷ ግን ገና አንድ ቃል ትጠብቃለች።

ስለዚህ ቶሌራን ጠየቅሁት፤ እናቲቱን ቃልህ ውስጥ ላስገባቸው ወይ አልኩት። አቀረቀረና «እሱን ይተዉት» አለኝ። ተውኩት፤ ሰው ያላለውን በሰው አፍ መክተት ነውር ነው። በምትኩ ጨረቃውን፣ ምንጩን፣ «እስከ ዓለም ዳርቻ»ን ደረደርኩለት። ስጨርስ እኔኑ አስለቀሰኝ፤ እንግዲያስ ጥሩ ነው ብዬ ሰጠሁት።

ሰርጉ ሰበታ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ቶሌራ አነበበ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሕይወት ግን አላለቀሰችም። ንባቡ ካለቀ በኋላም የሚቀጥል መስሏት አፍ አፉን ታያለች። ከዚያ ዓይኗን ወደ እናቷ መለሰች፤ አንጀቴን በላችው።

ያኔ የቶሌራ አጎት ኦቦ ዲሪባ ተነሥተው ማይኩን ከመድረክ መሪው ተቀበሉ። «ዋቢን ኬ ኤኙ?» አሉ፤ ዋስህ ማነው? በእሳቸው ጊዜ ሰማንያ ሲታሰር ቃል የገባ ሁሉ ዋስ ይጠራ እንደነበር፣ ይህን የሚያህል ቃል ያለ ዋስ መተው ሙሽሪትን መበደል እንደሆነ በእርጋታ አስረዱ። ሰው ሳቀ። ቶሌራ ግን ላብ በላብ ሆኖ አዳራሹን ሲቃኝ ቆየና፣ ያ ሁሉ ዘመድ ተቀምጦ፣ የእኔን ስም ጠራ። ሳልወድ በግድ ተነሣሁ።

«ለምኑ ነው ዋስ የምትሆነው?» አሉኝ ኦቦ ዲሪባ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ጨረቃዬ ነሽ ይላል። ጨረቃ ሳትሆን ብትቀር ማን ሊጠየቅ ነው? እስከ ዓለም ዳርቻ እከተልሻለሁ ይላል፤ ልጅቷ የምትሄደው ዓለም ገና ነው። ዋስ ማለት እኮ ቃል የገባው ሲጎድል ተገኝቶ የሚሞላ ሰው ነው። በገዛ እጄ ከጻፍኩት ውስጥ ዋስ የምሆንለት አንድ መስመር አጣሁ፤ አፈርኩም። እዚህ ውስጥ ዋስ የምሆንለት እንደሌለ፣ ልጁ ራሱ አንድ ነገር ቢል ግን ለዚያ እንደምቆም ተናገርኩ። ሳቁ ቆመ።

ቶሌራ ወደ ሕይወት ዞረ። ማይኩን ረስቶታል፤ ፊት የነበርነው ነን የሰማነው።

«እናትሽ ይምጡ» አላት። «ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። አባቴን ሳስታምም መሮኝ፣ በመጨረሻ ከቤት እጠፋ ነበር። አሁንም እፈራለሁ። የከበደኝ ቀን ግን ከብዶኛል እልሻለሁ እንጂ አልጠፋም።»

ያጨበጨበ የለም። ሕይወት ግን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ኦቦ ዲሪባ ወደ እኔ ዞረው «ለዚህስ?» አሉኝ። ለዚህ ዋስ ነኝ አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ቶሌራ ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ ከብዶኛል። ለእሷም ነግሬያታለሁ፤ እሷም ደክሟታል» አለኝ። ከቡራዩ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ዓለም ገና፣ ከዚያ በባጃጅ ደረስኩ። ሁለቱን እስቲ ወጣ ብላችሁ ነፋስ ተቀበሉ ብዬ ሰደድኳቸውና ከወይዘሮ አስካለ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

ለረጅም ጊዜ አተኩረው አዩኝ። ቃል የሚወጣቸው ቀስ እያለ ነው።

«አንተ ለልጁ ምኑ ነህ?»

«ዋሱ ነኝ» አልኳቸው።

በደህናው እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሳህን ጠቆሙኝ።

«ሾርባው በረደ እኮ» አሉ። «አጠጣኛ።»