አፍንጫዬን አደራ

አፍንጫን የሚሸከመው አንድ ሰው ነው፤ የሚያየው ግን ሌላ ሰው። እግርን ጎንበስ ብለው ያዩታል፣ እጅም ዘወትር ከፊት ነው። አፍንጫ ግን ከባለቤቱ ቀድሞ በር የሚገባ ሆኖ ሳለ ለባለቤቱ ባዕድ ነው። ስለ አፍንጫ የሚሰጥ አስተያየት ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣውም በዚህ ይመስለኛል። እኔ የራሴ ጠማማ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ችግር መሆኑን ግን የነገሩኝ አማቴ ሊሆኑ የነበሩ ሴት ናቸው።

የጠመመበት ታሪክ አጭር ነው። የተማርኩበት የገጠር ትምህርት ቤት ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። አንድ ቀን ተረኛ ሆኜ፣ ለትምህርት ካለኝ ፍቅር የተነሣ ይሆናል፣ ከሚገባው በላይ መታሁት። እሱም ተወዛውዞ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬ መካከሉ ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ይቀይራል። በመስታወት ሳየው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ፊት ለፊቴ ለቆመ ሰው ደግሞ ወደ ቀኝ። በሌላ ዘመን ቢሆን ይህ ተራ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በዝንባሌው በሚጠየቅበት ወቅት፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነገር ፊት ላይ ይዞ የቀበሌ ስብሰባ መግባት ግን ልብ ይፈልጋል። ጎረቤቴ ሁሴን፣ የወሎ ሰውና የጭነት መኪና ሾፌር፣ ‹‹መምህር፣ ከሊቀመንበሩ ፊት ለፊት አትቀመጥ፣ ከጎኑ ሁን። ከጎን ለሚያይህ አቋምህ አይታወቅም›› ይለኝ ነበር።

ያን ጊዜ አቃቂ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ላገባት የፈለግኋት አስቴር ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ በአንዱ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከጨርቅ ላይ እንከን ስትለቅም ትውልና እኔ ፊት ላይ ስትደርስ ዓይኗን ታሳርፋለች። እናቷ ወይዘሮ በለጡ ግን ዓይናቸውን የሚያሳርፉ ሰው አልነበሩም። ሽማግሌ ስልክ፣ ‹‹ልጁን አልጠላሁትም። ግን የልጅ ልጆቼ ያንን ነገር ይዘው ሊወለዱ ነው?›› ብለው መለሱ።

የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ ራሴ ሄጄ አስረዳሁ። አፍንጫዬ እስከ አሥር ዓመቴ ቀጥ ያለ እንደነበረ፣ በአደጋ የመጣ ነገር ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ እንደማይወረስ በትዕግሥት ተናገርኩ። ወይዘሮ በለጡ አዳምጠው ሲያበቁ፣ ‹‹የኔ ልጅ፣ በዚህ ዘመን የማይወረስ ምን አለ?›› አሉኝ። ሁለት የሚያከራዩዋቸው ቤቶች ትርፍ ናቸው ተብለው በአዋጅ የተወረሱባቸው ሴት ናቸው። ቁርጡም ተነገረኝ፤ አፍንጫው ካልተቃና ሰርግ የለም። አስቴርም ‹‹እኔ አፍንጫህን ለምጄዋለሁ፤ እናቴን አስቀይሜ ግን አልወጣም›› አለች።

በዚህ መካከል ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ከተማ መምጣቱ ተሰማ፤ እኔም ቀጠሮ አስያዝኩ። ወሬው ሰፈር ሲደርስ፣ ገና ሳልታመም ተጠየቅሁ። ብርቱካን ይዘው የመጡ ነበሩ። ሁሴን ‹ፕላስቲክ› የሚለውን ቃል በሚያውቀው በኩል ተረድቶት፣ ‹‹እንደ ኮንጎ ጫማ ነዋ። ውሃ አያስገባ፣ ቀለም አይፈልግ። ብቻ አደራህን እሳት ዳር አትቀመጥ፣ ይቀልጥብሃል›› ብሎ መከረኝ።

ሐኪሙ የሚያነጋግረው ሁለት ፎቶ ለያዘ ሰው ብቻ ነበር፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን። ስለዚህ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወደሚገኘው ፎቶ ቤት፣ ወደ ጋሽ ሸምሱ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው፤ በሙያቸው የሚቀልዱ አይደሉም። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ጫፉ መርፌ ባከለ እርሳስ እየነካኩ የፈንጣጣ ጠባሳ ይደለድላሉ፣ የጎደለ ጥርስ ይሞላሉ፣ ራሰ በራ ላይ ፀጉር ያበቅላሉ። አቃቂ ውስጥ የመታወቂያ ፎቶውን የሚመስል ሰው ከተገኘ እሳቸው ዘንድ ያልተነሣ ነው። ይህን ስለማውቅ አስቀድሜ ተጠነቀቅሁ። ‹‹ጋሽ ሸምሱ፣ ይህ ፎቶ ለሐኪም ነው። ዋናው ነገር አፍንጫው ነው። አፍንጫዬን አደራ›› አልኳቸው። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ‹‹መምህር፣ አደራ ካልከኝማ ጨርሰሃል›› አሉ።

አደራ ድንቅ ቃል ነው። ምን እንደሚደረግ አይናገርም፤ የሚደረገው ሁሉ ከልብ እንዲሆን ብቻ ያስራል። ደግሞስ በእኛ አገር ሐኪም ፊት እንደነበረ የሚቀርብ ማን አለ? ጣር የያዘው ሰው እንኳ ታጥቦ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ነው የሚሄደው። እኔ ራሴ ለዚያ ፎቶ ፀጉሬን ተስተካክዬ የሁሴንን ክራቫት ተውሻለሁ። እኔ ለአንገቴ ያደረግሁትን ጋሽ ሸምሱ ለአፍንጫዬ ቢያደርጉ ምን ይገርማል?

የሚገርመው ፖስታውን ሳልከፍት መሄዴ ነው። በቀጠሮው ጠዋት ጋሽ ሸምሱ በሙጫ አሽገው ሰጡኝ፣ አውቶቡሱ ደግሞ ሊነሣ ነበር። ሆስፒታሉ ስደርስ አጠገቤ መንጋጋው በፋሻ የተጠቀለለ ወታደር ተቀምጧል። ‹‹አንተስ ምንህን ነው?›› አለኝ በጥርሱ መሃል። አፍንጫዬን አልኩት። ትንሽ አየኝና፣ ‹‹አለ እኮ›› አለ።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ሐኪሙ ግዙፍ ሰው ነው፤ የራሱ አፍንጫ የተላጠ ድንች ይመስላል፤ እንግዲህ አማት አላገኘም ማለት ነው። ፖስታውን ከፍቶ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። ከዚያ በአገሩ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው፣ ‹‹ጓድ ዶክተር ይህን ፎቶ ከተነሡ በኋላ አደጋው መቼ እንደደረሰብዎት ይጠይቃሉ›› አለኝ። አንገቴን ሰግጌ ተመለከትኩ። የእኔን ጆሮና የሁሴንን ክራቫት ያደረገ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ በሁለቱ ጉንጮቹ መካከል እንደ ደብረ ዘይት መንገድ የቀና አፍንጫ ወርዷል። የጎኑማ ሳንቲም ላይ ሊቀረጽ የሚገባው ነበር።

አስተርጓሚው ‹የጋሽ ሸምሱ እርሳስ› የሚለውን ለመተርጎም ደከመ። ሐኪሙ ግን በፎቶው ተደስቷል፤ ልክ እንዲህ አድርጎ ሊመልስልኝ እንደሚችል፣ ሆኖም ቅድሚያ ከጦር ሜዳ ለመጡት እንደሆነ፣ የእኔን በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ እንደሚያየው ነገረኝ። ወታደሩን አይቼ ስለገባሁ ክርክር አላነሣሁም። ሐኪሙም ተመልሶ አልመጣም።

ማታውን ወይዘሮ በለጡ ቤት ስደርስ በጋሽ ሸምሱ ላይ የማሰማውን አቤቱታ አዘጋጅቼ ነበር። አፌን ሳልከፍት ፎቶውን ከእጄ ወስደው ወደ መብራቱ ጠጋ አሉ። ‹‹ሐኪሙ ምን አለ?›› ሲሉኝ፣ ‹‹ከዚህ ፎቶ በኋላ ነው ወይ የተሰበርከው አለኝ›› አልኳቸው። ‹‹እንዲህ ቀና ኖሯላ›› አሉ ወይዘሮ በለጡ በቀስታ። ‹‹ታዲያ ባዮሎጂ ባዮሎጂ ከምትለኝ ይህንን አስቀድመህ ብታሳየኝ ምን ነበረበት?››

በፎቶው ላይ ጢም እንዳለኝ፣ ቸርኬው የመታኝ ግን በአሥር ዓመቴ እንደሆነ ላስታውሳቸው ስል አስቴር እግሬን ረገጠችው። የጥራት ተቆጣጣሪዋ እንከኑን አይታ ጨርቁን አሳለፈችው። እውነት ስናገር ያልታመንኩትን ያህል እርሳስ መስክሮልኝ ታመንኩ።

ፎቶው በመስታወት ተሠርቶ የወይዘሮ በለጡ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ዕለት ወይዘሮ በለጡ ሕፃኑን አንሥተው ከፎቶው አጠገብ ያዙት። ‹‹እዩት፣ አፍንጫው ቁርጥ የዚህኛው›› አሉ። እንግዳው ሁሉ አይቶ አጸደቀ። ጋሽ ሸምሱም ተጋብዘው ነበርና ግድግዳውንና ሕፃኑን አስተያይተው፣ አደራውን እንደተወጣ ሰው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ያ አፍንጫ የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ግን አንድ አባወራ በልጁ ክርስትና፣ በሰው ፊት ቆሞ፣ ‹‹የለም፣ አፍንጫውስ የጋሽ ሸምሱ ነው›› ብሎ እንዴት ይናገራል?