በመፋቂያ የመጣ ሽምግልና

ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ በአንድ ቃል መልሶ የሚገላገል ሰው የታደለ ነው። ነርስ ነኝ፣ ሹፌር ነኝ ብሎ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚበርሩና ግድግዳ የሚንዱ ጀግኖችን ታሪክ በሥዕል የሚተርክ የኮሚክ መጽሐፍ ስጽፍ ኖሬ፣ እዚህ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሥራዬ የገባው አንድ አበሻ አላገኘሁም። «ጎበዝ ሰዓሊ ነህ አሉ» ይሉኛል። አልስልም። የሚስለው ሌላ ሰው ነው፣ ያውም ሌላ ስቴት የሚኖር፤ እኔ ታሪኩንና ንግግሩን ነው የምጽፈው። «እንዴ፣ ያቺን ሁለት መስመር ብቻ?» አዎ፣ ያቺን ሁለት መስመር። እናንተም አሁን በልባችሁ «ታዲያ ይሄ ምኑ ሥራ ነው?» እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግዴለም፣ ለምጄዋለሁ።

ያልለመድኩት የጋሽ ታደሰን ኩርፊያ ነው። ጋሽ ታደሰ ማለት ወደዚህ አገር እንደመጣሁ ብሩክሊን ፓርክ ያለው ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ አስጠግቶ ያኖረኝ፣ በበረዶ ላይ መኪና መንዳት ያስተማረኝ ሰው ነው። መፋቂያ ከአፉ አይለይም፤ ሲናገር እንኳ ወደ ጉንጩ ጥግ ገፋ ያደርጋታል እንጂ አያወጣትም። በቅርቡ ታዲያ ከተማ የሚያወድም አንድ አዲስ ክፉ ሰው ጻፍኩ። ሰዓሊው ምን እንደታየው እንጃ፣ አፉ ላይ ስንጥር እንጨት ሰካበት። እኔ አላዘዝኩትም።

የጋሽ ታደሰ ልጅ ይህንን አይታ ለአባቷ አሳየችው። «ዳዲ፣ ዚስ ኢዝ ሶ ዩ»፣ ቁርጥ አንተን ነው ብላ ሳቀች አሉ። እሷ ሳቀች፤ እሱ ስልኬን ማንሳት አቆመ። ሁለት ወር ሙሉ ደወልኩ። ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። እዚህ አገር ከእሱ ሌላ አባት የምለው ሰው የለኝም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለው አፓርታማዬ ድረስ መጡ። የበረዶ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው በካልሲ ተደርድረው ተቀመጡ። ዋናው ተናጋሪ ከነርስነት ጡረታ የወጡት አቶ ወርቁ ናቸው። መጽሐፉን ከቦርሳቸው አውጥተው ገጽ በገጽ አገላበጡት።

«እነዚህ ሁለት ሰዎች ይህን ሁሉ ፎቅ ሲያፈርሱ፣ መሀል የገባ ሽማግሌ የለም?» አሉ።

«የለም፣ አቶ ወርቁ። ኮሚክ ነዋ።»

«ስንት ዓመት ጻፍክ?»

«ሃያ ሁለት።»

«በሃያ ሁለት ዓመት አንድም?»

ፍርዱ ተሰጠ። በሚቀጥለው እትም ክፉው ሰውዬ ሽማግሌ ይላክበት፣ ጥፋቱን ይመን፣ ይቅርታ ይጠይቅ። «ኤዲተሬ አታሳልፈውም» ብል፣ «ኮንቪንስ አድርጋታ» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ለማንም ያልተናገርኩትን ዘረገፍኩት። «ክፉው ሰውዬ ጋሽ ታደሰ አይደለም። ጋሽ ታደሰ ጀግናው ነው፣ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ። ሰው ሲቸገር ሳይጠራ የሚደርስ፣ ሲያመሰግኑት የሚቆጣ ሌላ ሰው አላውቅም።»

አቶ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠራረጉ፣ ከዚያም ጫማቸውን አጥልቀው ይህንኑ ሊነግሩት ወደ ብሩክሊን ፓርክ ነዱ። እኔም እፎይ ብዬ፣ ነገ ይደውላል ብዬ ጠበቅሁ። አልደወለም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። አሁን ግን ጋሽ ታደሰ ራሱ ከኋላቸው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከልጁ ጋር ተቀምጦ የድሮዎቹን እትሞች ከአንድ ጀምሮ ሲያነብ ሰንብቷል። ከስቷል፣ ዓይኑም ቀልቷል።

«ሃያ ሁለት ዓመት፣» አለኝ ገና በሩ ላይ እንደቆመ፣ «በየወሩ የምታስደበድበኝ ምን በድዬህ ነው?»

ሦስቱ ሽማግሌዎች መልሴን ለመስማት ወደ እኔ ዞሩ። በእኛ ሥራ አብዝቶ የሚደበደበው የሚወደደው ሰው ነው ብዬ ለሽማግሌ እንዴት ላስረዳ? ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩና፣ አጥፍቻለሁ አልኩ።