የሩቅ ባሕር ማዕበልና የሐጂ ይመር ስልክ

ብቸኛ ሰው ስልኩን ቻርጅ ማድረግ አይረሳም። ታዝባችሁ ከሆነ፣ «ባትሪ ጨርሼ ነው» እያለ ይቅርታ የሚጠይቀው ብዙ ፈላጊ ያለው ሰው ነው። የእኔማ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጆቼም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቁጭ ብዬ የሚደውልልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልጃቸውን ያስተማርኩላቸው የኮምቦልቻ ዙሪያ ገበሬ፣ ሐጂ ይመር። እሳቸውም የሚደውሉት ሰማዩ ሲከፋ፣ ዝናብ ሲጠፋ ነው።

ድሮ ጂኦግራፊ አስተምር ነበርና አንድ ቀን ኤልኒኖን ስለሚያመጣው ማዕበል አወጋኋቸው። ማዕበል ስላችሁ መርከብ የሚንጠው እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው በፓስፊክ ውቅያኖስ ሆድ ውስጥ ሙቀት አዝሎ፣ በምድር ወገብ በኩል ወደ ምሥራቅ ለወራት የሚያዘግም ነው። ማዶ፣ ደቡብ አሜሪካ ደርሶ ባሕሩን ሲያሞቀው ነፋሱ መንገዱን ይስትና የእኛ ክረምት ይሳሳል። ከዚያ ወዲህ የሐጂ ሰላምታ ተለወጠ።

«አሰላሙ ዓለይኩም መምህር! ያ ባሕር እንዴት አደረ?»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ፤ እኔን ከሰው ያገናኘኝ ግን የዓለም ጫፍ ያለ ባሕር ነው።

ዘንድሮ ስልኬ ላይ የማየው የባሕር ካርታ ቀላ፤ ባሕሩ መሞቁን ለሐጂ ነገርኳቸው። «ማሽላዬን ዘርቼ የለ እንዴ!» አሉ ሐጂ፤ ከማሽላው ሌላ ዓመቱን የሚሻገሩበት የላቸውም። በየቀኑ ይደውሉ ጀመር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። የሰው ማሽላ እየጠወለገ ደስ ይላል? ብቻ ሰው ደወለልኝ።

በመጨረሻ የሐጂ መንደር ለዝናብ ዱዓ ተሰበሰበ፤ እኔም ተጠራሁ። ወሎ አይደል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ነበርን። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ሊጀምሩ ሲሉ ሐጂ አስቆሟቸው።

«ቆዩማ! መምህር፣ ማዕበሉ አሁን የት ደርሷል? ዱዓው እንዳይተላለፈው።»

ማንም አልሳቀም። ስልኬን ከፍቼ፣ «ደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ተጠግቷል፣ ሐጂ» አልኩ።

«ያ ረቢ፣ እዚያው ባለበት ያዝልን!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አሚን በል እንጂ!»

አሚን ካልኩ ዝናቡ ይመጣል፤ ዝናቡ ከመጣ ሐጂ አይደውሉም። ከዚያ ያን የጠወለገ ማሽላ አየሁና ጮክ ብዬ አሚን አልኩ።

ዘነበ። ካርታው አሁንም ቀይ ነው፤ ኤልኒኖ ክረምትን ያሳሳዋል እንጂ ሁልጊዜ አያስቀረውም። ይሄን ለሐጂ አላስረዳሁም፤ ማን ጠይቆኝ?

ይኸው ዝናቡ ቆርቆሮዬን እየደበደበው ነው። እሰይ፣ ማሽላው ተረፈ! ብቻ በዚህ ጩኸት ቢደወል አይሰማኝም ይሆናል ብዬ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌዋለሁ።