ሊቀ ዋት ኦቦ ሌንጂሳ እና የሹኩሪያ በርበሬ

በየከተማው ሰው ሁሉ "ጨምር!" ሲል "ቀንስ!" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። እግዜር እንዲህ ያለውን ሰው የሚፈጥረው እኛን ለማዘግየት ይመስለኛል። ለአምቦ የደረሷት ኦቦ ሌንጂሳ ናቸው፤ በሙያቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ እኔ ባወጣሁላቸው ማዕረግ ደግሞ ሊቀ ዋት።

ሊቀ ዋት የሚሞቅ ነገር አያምኑም። በገዛ ልጃቸው ሠርግ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ እሳቸው የድንኳኑን የመብራት ገመድ በመዳፋቸው እየዳሰሱ "ሞቋል፤ አንዱን ምድጃ ንቀሉት" ይሉ ነበር። ወጡ ለብ ብሎ ቀረበልን። ብናጉረመርም "ሱታ፣ ሱታ! ቀስ በሉ" አሉን፤ ለሁሉም ነገር መልሳቸው ይኸው ነው።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ሹኩሪያ እጃቸው ላይ ወደቀች። የመጋዘኗ ጣሪያ አፍስሶ ሦስት ኩንታል በርበሬ ረጠበባት። ያላት ጥሪት እሱ ነው፤ ገዢው ቅዳሜ ሊጭን ቀጥሯታል፤ ማክሰኞ ዕለት ግን ሻጋታ ሸተታት። ሮጣ አራት የውሃ ማሞቂያ ሪዚስታንስ ገዛች፣ እያንዳንዱ ሦስት ሺህ ዋት። መጋዘኑ ውስጥ አንጠልጥላ አየሩን ልታሞቅበት ነው። "ጎሽ!" ያልኳት እኔ ነኝ።

ኦቦ ሌንጂሳ ተጠርተው መጡና ሪዚስታንሱን በስንዝር ለኩት። ሜትር ይዘው አያውቁም።

"ሦስት ስንዝር። በስንዝር ሺህ ዋት! ልጄ፣ ይሄ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው። ውሃ ሙቀቱን ቶሎ ይወስድለታል። አየር ሰነፍ ነው፤ ስለማይወስድለት መጀመሪያ ራሱን ያቃጥላል፣ ከዚያ በርበሬሽን፣ ከዚያ ጣሪያሽን።"

"ታዲያ ምን ላድርግ ኦቦ?"

"ለአየር በስንዝር ሁለት መቶ ሃምሳ። ከዚያ አላልፍም።"

ሁለት ሁለቱን አከታትለው ሲያያይዟቸው የአራቱም ጉልበት ወደ ሩብ ወረደ። ቬንትሌተርም ተከሉ፤ እሱ ካልዞረ ሙቀቱም እንዲጠፋ አድርገው።

"ወላሂ ኦቦ ሌንጂሳ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ዋት ገዝቼ ሦስት ሺህ ሰጡኝ?"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሏት።

"ሪዚስታንሱ አልቀላም እኮ!" አልኩ እኔ፣ ባልገባኝ ነገር ገብቼ።

"የሚቀላማ ለጥብስ ነው።"

ሹኩሪያ አኩርፋ ገባች። ረቡዕ ጠዋት መጋዘኑን ስንከፍት፣ ሊቀ ዋት በኋላ በር ቀድመውን ገብተው፣ አፍንጫቸውን በፎጣ አስረው፣ በርበሬው መሃል ቁጢጥ ብለው በእጃቸው ያገላብጣሉ።

"ሙቀቱን የቀነስኩት እኔ ነኝ፤ ማገላበጡም የእኔ ነው" አሉ።

ሌላ ሥራቸውን ትተው ሦስት ቀን አገላበጡ። ሲያስነጥሱ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማ ነበር፤ እኔም ቆሜ እየሳቅኩ ቆጥሬላቸዋለሁ።

ዓርብ ከሰዓት ሹኩሪያ አንድ ዛላ አንስታ ጨበጠችው፤ ከሽ አለ። ደርቋል፣ አንዱም አላረረም። ቀና ብላ ያበጡ ዓይኖቻቸውን ስታይ እንባዋ መጣ።

"ኦቦ፣ አፉ ይበሉኝ።"

"ለዓይኔ ውሃ ስጪኝ፣ ሌላውን ተይው" አሏት።

በሳቸው ማላገጤን አልተውኩም፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ እወዳቸዋለሁ። መስከረም ላይ ልጄ ሃዋኒ እጃጂ ከተማ ለመምህርነት ተመድባ ቤት ስትከራይ፣ ከፍራሿ በፊት የላክሁላት ኦቦ ሌንጂሳን ነው።