የአስቴር ነጭ ኪችን ካቢኔት

በየዘመድ አዝማዱ አንዲት «እንዳትነካው!» ባይ አለች። የሶፋዋን ላስቲክ ሳትገነጥል ልጅ የምትድር፣ የቡፌውን ብርጭቆ ለእንግዳ ብላ አስቀምጣ እንግዳው ሲመጣ በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ የምታቀርብ። «እኛ ቤት እንዲህ ያለች የለችም» የምትል ሴት ካለች እሷው ራሷ ናት። ለእኛ የደረሰችን ግን የሁሉም አለቃ ናት፦ ታላቅ እህቴ፣ ክብርት ወይዘሮ አስቴር፣ በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈርና በአካባቢዋ የነጭ ኪችን ካቢኔት ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር።

ነጭ! ሰማችሁ? አርባ ምንጭ ላይ ነጭ! አቧራችን ቀይ ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃችን ቀይ ነው። ሙዙ ሲቆረጥ የሚያንጠባጥበው ወተት የነካው ነገር ጠቁሮ ይቀራል። ሽፈራው ሲቀቀል አረንጓዴ ይረጫል። ዳጣው አለ፣ እርዱ አለ፣ በርበሬው አለ፣ ማንጎው አለ። ፈጣሪ ቀለም የሚለቅ ነገር ሁሉ ሰብስቦ የሰጠው ለእኛ አገር ነው። ይሄን ሁሉ እያየች ነው እንግዲህ ነጭ ያለችው።

አናጢው ኦሊያድ ለምኗት ነበር። «እህቴ፣ ቡናማ ይሁንልሽ። ነጭ ለክሊኒክ ነው የሚሆነው» አላት። እሷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችው። ፎቶውን እኔም አይቼዋለሁ። ከዳር እስከ ዳር ነጭ የሆነ ኪችን ነው፤ መሐል ላይ አንዲት ሎሚ በሳህን ተቀምጣለች፤ ሌላ የሚበላ ነገር የሚባል የለም። ሰው የሚበላበት ቤት አይመስልም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሉ የለ!

«ይሄን ነው የምፈልገው። እጀታም እንዳታደርግበት፤ ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈተውን ዓይነት ነው» አለችው። ኦሊያድ ትከሻውን ሰብቆ ሠራላት።

ሲያልቅ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። የቤተክርስቲያን እህቶች መጥተው ጸለዩበት። ከዚያ ኑሮ ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ጉንዳን ተሰልፎ ወጣበት። ቡናማ ቢሆን ማን ያየዋል? በነጩ ላይ ግን ከሩቅ ሰልፍ የወጣ ይመስላል። ምድጃው አጠገብ ያለው በር ቀስ በቀስ ቅቤ መሰለ። ጠርዙ በድስት ተጋጨና ቀለሙ ተላጠ፤ ኦሊያድ መጥቶ ሲቀባው አዲሱ ነጭ ከአሮጌው ነጭ አልገጥም አለ። አሁን በዚያ ኪችን ውስጥ ስንት ዓይነት ነጭ እንዳለ እኔ አላውቅም። አስቴር ግን ታውቃለች፤ ታማሚ እንደሚጎበኝ ሰው በየቀኑ እየዞረች ታያቸዋለች።

ጨርቅ ከትከሻዋ አይወርድም። በሄድክበት ትከተልሃለች፤ ጣትህ ካረፈበት ቦታ ላይ የእሷ ጨርቅ ያርፋል። አፏም ጨርቋም አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ «ነጭ እኮ ነው!»

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄድኩባት። መምህር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ስጮኽ ውዬ ጉሮሮዬ ደርቋል። ኩባያ ለማውጣት እጄን ስዘረጋ፦

«ማርቆስ! እጅህ ላይ ምንድን ነው?»

«ጠመኔ ነዋ! ነጭ ነው፤ ምን አስጨነቀሽ?»

ጠጋ ብላ እጄን አየችው፤ ቀጥላ በሩን አየችው። «ነጩ አይመሳሰልም» አለችኝ። «በክርንህ ግፋው።»

በክርኔ! ኧረ በሕግ አምላክ! የሰው ልጅ ውሃ ለመጠጣት በክርኑ በር የሚገፋበት ዘመን ደረስን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃዬን ጠጥቼ ነው የምሄድባት።

እኔስ እንግዳ ነኝ። ባሏን ጌታነህን ያየ ሰው ግን ያለቅሳል። ጌታነህ አሳ ጥብስ ይወዳል። አርባ ምንጭ ተወልዶ ያደገ ሰው አሳ ቢወድ ምን ይደንቃል? አሳ ግን ዘይት ይረጫል፤ ስለዚህ ከኪችን ተባረረ። ከጓሮ በቆርቆሮ የተከለለች፣ ግማሽ ጣሪያ ያላት ማዕድ ቤት አለች፤ የሚረጭ ወጥ ሁሉ የሚሠራው እዚያ ነው። በክረምት ጌታነህን ሄዳችሁ ብታዩት በአንድ እጁ ዣንጥላ በሌላው መጥበሻ ይዞ ታገኙታላችሁ። አንድ ቀን «ኪችን እያለህ?» ስለው «ማርቆስዬ፣ ኪችኑን እኛ ነን የምናበላው» አለኝና አሳውን ገለበጠ።

ከላንቴ የመጡ ዘመዶቻችን አንድ ሙሉ ዘለላ ሙዝ ተሸክመው መጡና ነጩ ጠረጴዛ ላይ አሳረፉት። የተቆረጠበት ጫፍ ገና ያንጠባጥባል። አስቴር በአንድ እጇ እያቀፈች ትስማለች፣ በሌላው ትፈገፍጋለች። ዘመዶቻችን ቅር ብሏቸው ሄዱ። ዘለላው ተበልቶ አለቀ፤ ጥቁሩ ነጥብ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ አሁን የፍራፍሬ ሳህን ተቀምጦበታል።

ይሄን ሁሉ እየተናደድኩም ቢሆን ችዬው ነበር። ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው እናታችን ከደጋው፣ ከገረሴ ስትመጣ ነው።

አባታችን ካረፈ በኋላ እማዬ ብቻዋን ቀረች። ዓይኗ ጭጋግ ለብሷል፤ ሰው የምታውቀው በድምፁ ነው። ባለፈው ክረምት ደጃፏ ላይ ወድቃ ጎረቤት ነው ያነሳት። ከእንግዲህ ደጋ ላይ ብቻዋን መክረም እንደማትችል ሁላችንም አወቅን። የእኔ ቤት የኪራይ አንዲት ክፍል ናት፤ ስለዚህ አስቴር ጋ ትኑር ተባለ። አስቴር ራሷ ነበረች «ከእኔ ሌላ የት ትሄዳለች!» ብላ የተቆጣችው።

እማዬ፣ ወይዘሮ ሊሻን፣ ገረሴን ግማሹን ስታበላ የኖረች ሴት ናት። ተቀመጪ ቢሏት የምትቀመጥ አይደለችም። ዓይኗ ቢደክምም እጇ ሥራ ያውቃል። በዚያ ነጭ ኪችን ውስጥ ግን እጇ መንገድ ጠፋበት። በሩ ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ጣሪያው ነጭ፤ የሚጨበጥ እጀታ የለም። መዳፏን ግድግዳው ላይ እያሳለፈች ትፈልጋለች። ጨው ብላ ማንኪያ ታወጣለች፤ ሽንኩርት ብላ የሳሙና ዱቄት ትይዛለች። አንድ እሑድ ፓስተሩ ለምሳ ተጠርቶ ጎመኑ ውስጥ በጨው ፈንታ ስኳር ገባ። ጨዋ ሰው ነው፤ «እማማ፣ ጎመንዎ ይጣፍጣል» አላት። እውነቱን ነው።

አስቴር ደግሞ ከኋላዋ። አትቆጣትም፤ ክፉ ቃል አይወጣትም። ብቻ ትጠርጋለች። እማዬ መዳፏን ታሳርፋለች፣ አስቴር ትጠርጋለች። ያ ዝም ብሎ መጥረግ ከስድብ ይብስ ነበር። እያየሁ ደሜ ይፈላል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጓዟን ቋጥራ፣ በኪችኑ የጓሮ በር አጠገብ ቆማለች።

«ማርቆስ ነህ? ጥሩ ጊዜ መጣህ። ገረሴ መልሰኝ።»

«ምነው እማዬ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። ጨለማ ቤቴ ውስጥ ጨዉ የት እንዳለ አውቃለሁ። እዚህ ብርሃን ያለበት ቤት ገብቼ ዕውር ሆንኩ። በነካሁት ቁጥር ልጄ ትጠርጋለች። አሁንስ እድፉ እኔ ራሴ መሰልኳት።»

ይሄን ስሰማ የሆንኩትን አልነግራችሁም። ዞር ብዬ አስቴር ላይ ጮህኩባት። «ይሄ እንጨት ከእናትሽ በለጠብሽ? ዕቃ ለሰው ነው ወይስ ሰው ለዕቃ? ደጋ ላይ ብቻዋን ወድቃ ብትቀርስ፣ ያኔም በጨርቅ ትጠርጊዋለሽ?»

አስቴር ጨርቋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እህቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም።

«ለማን ብዬ ነው ነጭ ያደረግኩት?» አለች። «ዓይኗን የበላው ጢስ አይደል እንዴ? ያንን የገረሴ ቤት ጥላሸት በልጅነታችን አብረን አልጠረግነውም? እማዬ ስትመጣ ጥላሸት በሌለበት ቤት ትቀመጥ ብዬ ነው! ጥላሸት ጠብ ስትል እንዳያት፣ እንዳላሳልፋት ብዬ ነው ነጭ ያልኩት!»

ምን ይባላል? ነጩ ለካ ለእማዬ ነው፤ እማዬን ያሳወራትም ያው ነጩ ነው። እማዬ ግን የደጋ ሴት ናት፤ ጓዟን ካነሳች አነሳች ነው። በሩን በመዳፏ እየፈለገች ነበር።

እየሮጥኩ ወደ ጎረቤት ሄድኩ። ጋሽ ካሱ የገረሴ ሰው ናቸው፤ በዕድሜም በቃልም ትልቅ ሽማግሌ። ነገሩን ስነግራቸው ጫማቸውን እንኳ በወጉ አላደረጉም። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከቦዩ ዳር አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ከነሥሩ፣ ከነጭቃው ነቅለው ገቡ። የእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ነገሩ እዚያው ያቆማል። ጦር የያዘ ሰው እንኳ ያንን ሣር ተሻግሮ አይሄድም።

ጋሽ ካሱም እማዬና በሩ መሐል ገብተው፣ ያ በየቀኑ የሚወለወለው ወለል ላይ ተንበረከኩ።

«ሊሻን፣ ሣር ይዣለሁ። ይሄን ተሻግረሽ አትሄጂም።»

እማዬ ሣሩን አላየችውም፤ ሽታው ግን ደረሳት። ቆመች። አስቴርም ከጋሽ ካሱ ጎን ተንበርክካ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለች። እማዬ ጓዟን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ሁላችንም ተነፈስን።

ጋሽ ካሱ ሊነሱ ሲሉ ግን ጉልበታቸው እምቢ አለ። የሚይዙት ነገር ፈለጉ። ቀኝ እጃቸውን፣ ያንን ጭቃ የጠጣ ሰፊ መዳፋቸውን፣ ካቢኔቱ በር ላይ ሙሉ በሙሉ አሳርፈው ተነሡ። አምስቱም ጣት ከነመዳፉ፣ ቀይ ሆኖ ነጩ ላይ ቀረ።

እኔ አስቴርን አየሁ፤ እጇ ወደ ትከሻዋ እየሄደ ነበር። ጨርቁን ያዘችው።

«እርቅ ያለ ምግብ የለም» አለች እማዬ። «የተቀቀለ ጎደሬ አለ አይደል? ቆዩ፣ በዳጣና በጨው ቅመሱ።» ብላ ዞረች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ግድግዳውን በመዳፏ አልዳበሰችም። ፊቷን ወደ ቀዩ ነገር አቀናች፤ በቀጥታ ሄዳ መዳፏን የጋሽ ካሱ መዳፍ ላይ አሳርፋ ገፋችው። ተከፈተ። የጨዉ ቤት ነበር።

የጨዉን ዕቃ ይዛ ስትዞር እየሳቀች ነበር። «ይሄው! አገኘሁት!» አለች፤ የልጅ ድምፅ ነበር።

አስቴር ጨርቁን እንደያዘች ቆመች። በሩን አየችው፤ እማዬን አየቻት። ከዚያ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና «ጋሽ ካሱ» አለች፣ «እባክዎ፣ እጅዎ ሳይደርቅ ስኳሩም ላይ ያሳርፉልን።»

ጋሽ ካሱ ደንግጠው እኔን አዩኝ። ከዚያ የስኳሩ በር ላይ አሳረፉ።

ሰኞ ኦሊያድ ተጠራ። መጥቶ በሩን ሲያይ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። «እህቴ፣ አይዞሽ፣ አጥቤ አዲስ እቀባልሻለሁ» አላት።

«ማን እጠብ አለህ? እንዳይረግፍ ቫርኒሽ ቀባው ነው የምልህ!»

«ጭቃውን?»

«አዎ፣ ጭቃውን!»

ኦሊያድ ቫርኒሹን እየቀባ በጎን አየኝና ቀስ ብሎ «ታማለች እንዴ?» አለኝ። «ዱሮም ጤና አልነበራትም» አልኩት። እማዬ ግን ገረሴን አላነሳችም። ጎመኑም ጨው ገባበት።

አስቴር ተለወጠች ብዬ አልዋሻችሁም። የቀሩትን በሮች እንደ ዱሮዋ ትፈገፍጋለች፤ ጌታነህም አሳውን ከነዣንጥላው ጓሮ ይጠብሳል። አሁንም ታናድደኛለች፣ አሁንም እንጣላለን። ግን እወዳታለሁ። ይሄንን ፊቷ ላይ አልነግራትም፤ ደግሞ እሱን ትጠርገዋለች።

ባለፈው እሑድ ግን ከቤተክርስቲያን ኅብረቷ አዲስ የመጣች ቤተልሔም የምትባል ሴት ምሳ ተጋብዛ ነበር። ሽቅርቅር ያለች፣ ነጭ በነጭ የለበሰች። ኪችኑን አድንቃ አድንቃ የጨዉ በር ላይ ስትደርስ ፊቷን አጨማደደች። «ውይ፣ አስቴርዬ፣ እዚህ ጋ ቆሻሻ አላየሽም መሰለኝ» ብላ ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣች። ምራቋን እንትፍ አለችበትና እጇን ዘረጋች።

ወንበሬን ገልብጬ ስነሳ አላወቅኩትም። «ኧረ እህቴ፣ እጅሽን ሰብስቢ!» ብዬ ጮህኩ። «እናታችን ጨው የምታገኘው በሱ ነው!»