ኪቦርዱ ያዘገየው የሕይወት ታሪክ

ደህና የሚሠራ ነገር «ላሻሽልህ» ሲባል ልቤ ይደነግጣል። የሰፈራችን መንገድ ሊሻሻል ተቆፍሮ ስንት ክረምት ጭቃ እንዳቦካን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቧንቧውም ሊሻሻል ተነቀለ፤ ይኸው ጀሪካን ተሸክመን እንዞራለን። ስለዚህ አንድ ምሽት ላፕቶፔ «አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፤ ልጫን?» ብላ ስትጠይቀኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር፤ «እሺ» የሚለውን ነክቼ ተኛሁ። የደከመው ሰው እሺ ባይ ነው።

ላፕቶፗ አሮጌ ናት። የሚስቴ ወንድም «ቫይረስ አይጠጋውም» ብሎ ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነባት። እውነቱን ነው፣ ቫይረስ አልተጠጋትም። እኔም ብሆን ከመጻፍ በቀር ብዙ አልጠጋትም። የምጽፈውም፣ የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ፣ በቀብር ላይ የሚነበበውን የሟች የሕይወት ታሪክ ነው። «በእጅህ አትጽፍም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ድሮ በእጄ ነበር። አንድ ጊዜ ለአንድ ሟች በኮምፒውተር ጽፌ፣ በወፍራም ፊደል አሳትሜ አመጣሁ፤ አለቀልኝ! ከዚያ ወዲህ በእጅ ጽፎ መምጣት «ለነእገሌ በኮምፒውተር፣ ለኛ በጭረት?» የሚያሰኝ ቂም ሆነ። በኛ አገር ውለታ ሁለተኛ ከተደገመ ግዴታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ አያ ደረሰ ማረፋቸውን ሰማሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጎንደርና በሳንጃ መካከል የጭነት ማኪና ሲነዱ፣ ሰሊጥ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀብሩ ለቀትር ተባለ። ላፕቶፔን ይዤ ለቅሶ ቤቱ ሄድኩና ከጓዳው አጠገብ ካለችው ክፍል ተቀመጥኩ። የሟች ታናሽ ወንድም አያ ተገኘ፣ ሊያስታምሙ ከመካነ ብርሃን መጥተው የሰነበቱት፣ አጠገቤ ተቀምጠው «አቶ ደረሰ በጃናሞራ ተወለዱ፤ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። የወጣው የፈረንጅ ፊደል ነው። ቋንቋ የሚቀይሩትን ቁልፎች ተጫንኩ፤ ምንም። አማርኛዬ ሌሊቱን ተሻሽሎ ሄዷል።

ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ። ኪቦርድ የሚለውን ከፍቼ የቋንቋዎቹን ዝርዝር ወረድኩ፤ በስም እንኳ የማላውቃቸው ሁሉ ተሰልፈዋል። አማርኛን አገኘሁትና ጨመርኩት። ይጽፋል፤ ግን እንደለመድኩት ድምፅ ከድምፅ አያዋህድልኝም፣ ፊደሎቹ እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ለየብቻ ይቆማሉ። ለካ አማርኛውም ሁለት ዓይነት ነው! ሌላውን ጨመርኩ። «ወጥተህ ተመልሰህ ግባ» አለችኝ ላፕቶፗ። ወጣሁ፤ ገባሁ። መሞከሪያው ላይ አማርኛ፣ የሕይወት ታሪኩ ገጽ ላይ እንግሊዝኛ።

«ምነው? አይነሣም?» አሉ አያ ተገኘ።

«ሊነሣ ነው።»

«ወንድሜስ ተገፍቶም ቢሆን ያስነሣው ነበር» ብለው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

በመጨረሻ አንዲት መስመር አየሁ፤ «ለሁሉም መስኮት አንድ ቋንቋ» ወይስ «ለየመስኮቱ የየራሱ»? መስኮት የምትለው የተከፈተውን ገጽ መሆኑ ነው። ይህ ክርክር ኮምፒውተር ውስጥም መግባቱን አላውቅም ነበር። ቀብር ደርሶብኛልና ሳልከራከር የመጀመሪያውን ነካሁ። «አቶ ደረሰ» ብሎ በአማርኛ ወጣ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ወዲያው ግቢው ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ። አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ የመንገድ አቧራ እንደለበሰች፣ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ወደ ውስጥ ግን አትገባም። አያ ተገኘ በመስኮቱ አይተው አቀረቀሩ።

«ማን ናት?»

«የሩቅ ዘመድ ናት። አንተ ጻፍ፤ የሦስት ልጆች አባት ነበሩ በል።»

«የሦስት» እንዳልኩ የክፍሉ በር ተከፈተ። የሟች ባለቤት እትዬ ጥሩዬ ያችኑ ሴት እጇን ይዘው ገቡ።

«ስንት አልክ?»

«ሦስት።»

«አራት በል። የሺ ደረሰ። ከሁሉም በላይ አድርጋት፤ ታላቅ ናት።»

«ጥሩዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አሉ አያ ተገኘ።

«ያለውን ይበል። ከእኔ በፊት ሳንጃ የወለዳት ልጁ ናት፤ ሳገባውም አውቅ ነበር። እሱ ዝም ስላለ ዝም አልኩ። አሁን እሱ የለ፤ ዝምታው ለማን ይጠቅማል?»

ሦስቱን አጥፍቼ አራት አልኩ። የሺ ጣቶቼን ታያለች። ስሟ ከአባቷ ስም ጋር ሲወጣ አፏን በነጠላዋ ጠርቅማ ያዘች። እኔ ፍላሼን ይዤ ወደ ማተሚያ ቤት ሮጥኩ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ደረስኩ።

በቀብሩ ላይ የእድሩ ዳኛ «የመጀመሪያ ልጃቸው ወይዘሮ የሺ ደረሰ» ሲሉ «አባቴ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ያን ቃል በሰው ፊት ስትጠራው የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። እትዬ ጥሩዬ ትከሻዋን ደግፈው ይዘዋታል።

ከዚያ ወዲያ ድንኳኑ ውስጥ የሚወራው ስለኔ ሆነ። «ጸሐፊው ሆን ብሎ ነው ያዘገየው፤ ልጅቷ እስክትደርስ» ይላሉ። እኩሌታው ይመርቀኛል፤ እኩሌታው፣ አያ ተገኘን ጨምሮ፣ ሰላምታዬን በቅንድብ ይመልሳል። የኪቦርዱን ነገር ለሁለቱም ወገን ከነዝርዝሩ አስረዳሁ። ባስረዳሁ ቁጥር ውሸቴ ይረዝማል እንጂ የሚያምነኝ አልተገኘም።

በሠልስቱ የሺ መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ።

«ስለጠበቁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን አየሁና፣ ደግሞም ማስረዳቱ ሰልችቶኝ ነበርና፣ «አሜን» አልኩ።