ላም ናት ብዬ ተባረርኩ

በእኛ በፎገራ የሰው ሥራ ከሩቅ ይታያል። ገበሬው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሩዝ መፈልፈያ የሚውለው ቅንድቡ ሳይቀር እብቅ ለብሶ ይመጣል። የመንግሥት ሠራተኛውም ቢሆን ስብሰባ ላይ መሆኑ ይታወቃል። የእኔ ሥራ ግን አይታይም። ወረታ በተከራየኋት ክፍል ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ባሕር ማዶ ላለ ድርጅት ፎቶ እለያለሁ፤ ይህ መኪና ነው፣ ይህ ዛፍ ነው፣ ይህቺ ላም ናት እላለሁ። ማሽኑ ዓለምን የሚያውቀው በእኔ በኩል ነው። ለዚህ ታላቅ ኃላፊነት ዲግሪ አለኝ።

ጣጣው የመጣው ትርንጎን ለማግባት ወደ ቀበሌዋ ቁሐር ሚካኤል ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ነው። አባቷ አያ ፈንታሁን ሩዝም ከብትም የሞላላቸው ሰው ናቸው፤ ልጁ ምን ይሠራል ብለው ጠየቁ። ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ መሪጌታ ካሳ ስንቱን ቅኔ የፈቱ ሰው የእኔን ሥራ መፍታት አቃታቸው። አስበው አስበው፣ ላም ሲያይ ይውላል አሉ። ታዲያ እረኛ ነዋ፣ የማንን ላም ነው የሚያየው ቢሏቸው እሱንም አላወቁም። እንግዲያው ራሱ ይምጣና እየሠራ ያሳየኝ ተባለ።

ሙሽራ በሽማግሌ ፊት የሥራ ፈተና ሲቀመጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሬን ስከፍት አያ ፈንታሁን አጠገቤ ሆነው ጌታህ ማነው አሉኝ። አላውቀውም አልኩ። እሱስ ያውቅሃል? እንጃ። ነገ ቢያባርርህ ለማን አቤት ትላለህ? ይህን ጥያቄ እኔም ለራሴ ማንሳት ስለምፈራ ቶሎ ብዬ ወደ ፎቶው ተሻገርኩ።

ዕድሌ ሆነና የመጣው ፎቶ ሰፊ ውኃ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ጀርባ ብቻ ይታያል። የድርጅቱ መመሪያ እንዲህ ያለው ነገር ድንጋይ ይባል ይላል፤ ከመመሪያ የወጣ ይሰናበታል። ላም መሆኗ እኔንም አልጠፋኝም፤ በየክረምቱ ሜዳው በውኃ ሲሞላ ከብት እንዲያ ቆሞ እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን የቤት ኪራይ አለብኝና ድንጋይ ነው ብዬ ጣቴን ወደ መጫኛው ላክሁ። አያ ፈንታሁን እጄን ያዙት። ላም እያየ ድንጋይ ለሚል ሰው ልጄን አልሰጥም አሉ። ትርንጎ በጓዳው በር በኩል ታየኛለች። ጣቴን ከድንጋዩ መለስኩ።

ላም ናት አልኩ።

ትርንጎ ተፈቀደችልኝ። መሪጌታ ምርቃቱን ሳይጨርሱ ከባሕር ማዶ መልእክት ገባ፤ የሥራዬ ጥራት ስለወረደ መሰናበቴን ገልጾ ለነበረኝ ትብብር ከልብ ያመሰግነኛል። ያን ያህል ትሕትና ከቀበሌ አይቼ አላውቅም። አያ ፈንታሁን ሲሰሙ ተናደዱ፤ በእኔ ግን አልነበረም። አይዞህ ልጄ፣ እዚህ ሥራ ሞልቷል አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዛሬ ሥራዬ ከሩቅ ይታያል። ልክ መሪጌታ እንዳሉት ላም ሳይ እውላለሁ። ጌታዬን አውቃቸዋለሁ፣ ያውቁኛል፣ ማለዳ ማለዳ ራሳቸው መጥተው ይቀሰቅሱኛል። የሚያባርረኝም የለም። ደመወዝ እንዳልጠይቅ ብቻ፣ አማች ነኝ።